የእትዬ ግንባር

በርቀት ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ጋሽ ሞጁልን የማያውቅ ቢኖር በሩ ላይ የተገጠመችው የጣት አሻራ ማሽን ብቻ ናት፤ እሷ ጠዋት ጠዋት ሦስቴ አራቴ ጣቱን ሳታስነካው አታስገባውም። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ልብ በሉ፣ ሲያስተምር አላልኩም። አስተማሪማ ሰሌዳ አለው፣ ጠመኔ አለው፣ ከፊቱ ቁጭ ብሎ የሚያዛጋ ተማሪ አለው። ጋሽ ሞጁል የነበረው ወረቀት ብቻ ነው። መሐንዲሱም ነርሷም የሚያውቁትን ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ ያንን ተቀብሎ፣ አስተማሪ በሌለበት ብቻውን ለሚያነብ ሰው እንዲገባ አድርጎ ይጽፈዋል። ያኔ ሥራው «ሞጁል ማዘጋጀት» ነበር የሚባለው። አሁን «የትምህርት ዲዛይነር» ተብሏል። ስሙ ባማረ ቁጥር ሥራው እያነሰ መሄዱን ግን ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ነው የደረሰበት።

አሁንማ ምን ሥራ አለ? ርዕሱን ለፕሮግራሙ ትሰጡታላችሁ፤ ሻያችሁ ሳይበርድ ሃያ ትምህርት ከነጥያቄው፣ ከነሥዕሉ፣ ከነሚያነበው ድምፅ ያወጣላችኋል። ዲዛይነሩ ገረፍ አድርጎ ያያል፣ ከታች ያለችውን አረንጓዴ «አጽድቅ» ይጫናል፣ አለቀ። ጋሽ ሞጁል ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጸድቅ ከርሟል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብላ መጠየቁን ትታለች። እሱም ተገላግሏል፤ ምን ብሎ ሊመልስላት?

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው አስጠራው። ኃላፊው ገና ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ ቁጥርና መስመር የሚወጣበት ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ እንዳፈጠጠ ስለሚውል ሠራተኛው በሌለበት «ዳሽቦርድ» ይለዋል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ብቻ ቁጥር ካላየ አያምንም። ከጎኑ የኮርሱ ዲዛይነር ቆማለች። እሷ ደግሞ የጋሽ ሞጁል የልጁ እኩያ የምትሆን፣ ጣቶቿ ከአፏ የሚፈጥኑ፣ ሥራ ወዳድ ልጅ ናት። ዛሬ ግን ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝማ» አለ ዳሽቦርድ። «የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮርስ። ዘጠኝ መቶ አርባ ሰው ተመዝግቧል። አንደኛው ትምህርት ደህና፣ ሁለተኛው ደህና፣ ሦስተኛው ደህና። አራተኛው ላይ ግን ይኸው፣ ገደል ነው። ስምንት መቶው እዚያ ገብቶ አልወጣም። ሥዕሉን ቀየርን፣ ድምፁን ቀየርን፣ አሳጠርነው፤ ወይ ፍንክች! ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ አለ። ምክንያቱ እስከዚያ ካልታወቀ ኮርሱ ይዘጋል።»

ጋሽ ሞጁል ጠጋ ብሎ መስመሩን አየው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በሕይወቱ መጀመሪያ የጻፈው ትምህርት ነው። በዚያ ትምህርት ስንቱ ሠርቶ አደረ፣ ስንቱ ቤቱን አቆመ። ደብዳቤያቸውን እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል።

«አራተኛው ትምህርት የደረጃው መብራት አይደለም እንዴ?» አለ።

«እሱ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አንድ አምፖል፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ። ከታች አብርቶ ከላይ ማጥፋት። ጋሼ፣ እኔ እኮ ልክ ነው ብዬ ነው ያጸደቅኩት።»

«ልክማ ሳይሆን አይቀርም» አለና ወጣ።

ሄዶ ሄዶ የት ቢገባ ጥሩ ነው? ዕቃ ቤት! ምድር ቤት ያለው፣ የተሰበረ ወንበርና የሞተ ኮምፒዩተር የሚጣልበት ክፍል። በሩን ሲከፍት የማባዣው ቀለም ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባና እዚያው ደጃፉ ላይ አስቀረው። ያ ሽታ ይኖራል ብሎ አልጠበቀም ነበር። ወይ ጊዜ! ያኔ እኮ ትምህርት ይሸታል፣ ይከብዳል፣ እጅ ያጠቁራል። አንድ ሞጁል ተባዝቶ ሲወጣ ገጾቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በተራ ይደረድሩና ሠራተኛው ሁሉ፣ ኃላፊው ሳይቀር፣ ጠረጴዛውን እየዞረ አንድ አንድ ገጽ ያነሣል። «አርባ አንድ የሌለው ማነው!» ይላል አንዱ፤ «አርባ ሁለት ሁለት ደረሰኝ!» ይላል ሌላው። ሳቅ ነው፣ ጨዋታ ነው። ከዚያ ይሰፋል፣ በጆንያ ይታሰራል፣ ፖስታ ቤት ይሄዳል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ መልስ ይመጣል። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ገባው አልገባው ሳያውቁ መጠበቅ! ዛሬ ዳሽቦርድ ሦስት ደቂቃ አይጠብቅም።

ታዲያ ያኔ አልገባ ያለ ትምህርት በፖስታ ሄዶ ከሦስት ወር በኋላ ስድብ ይዞ እንዳይመለስ አንድ ዘዴ ነበራቸው። የትም ቦታ ያልተጻፈ፣ ማንም ያላዘዘው፣ የዚያ ቤት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ዘዴ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ንጹሕ ሻሽ አስረው፣ መስኮቱ ሥር ያለች አንዲት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጸሐፊው ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። እሳቸው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ብቻ የሆነ ቦታ ሲደርስ ግንባራቸው ይቋጠራል። ጸሐፊው እዚያ ቃል አጠገብ በእርሳስ ጭረት ያደርጋል፤ ከዚያ ግንባራቸው እስኪፈታ ድረስ ይጻፋል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። «የእትዬን ግንባር ያላለፈ ማባዣ ቤት አይገባም» ይባል ነበር። እትዬ ትምህርት ያቆሙት ልጅ ሳሉ ነው። ለዚያ ነው የተመረጡት። ቢያንስ ጋሽ ሞጁል እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

ሞጁሉን ከሥር ፈልፍሎ አገኘው። አራተኛው ትምህርት ላይ የእርሳሱ ጭረት እንደ ጉድ ተደርድሯል። እንዴት ይረሳዋል? ሦስት ሐሙስ ሙሉ አንብቦላቸው ሦስቱንም ግንባራቸው አልፈታም ብሎት ነበር። በሦስተኛው እትዬ ብድግ አሉ፣ ከመወልወያ ጨርቆቻቸው ሁለት ቅዳጅ ቀደዱ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ፤ ከዚያ እጁን ይዘው ደረጃው ላይ ወሰዱት። እሱን ከላይ አቆሙት፣ እሳቸው ከታች ቆሙ፣ ሁለቱን ቅዳጅ በመሀላቸው ወጠሩ። ቅዳጆቹ ገመዶቹ ናቸው፣ እነሱ ሁለቱ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ። በየተራ መርጠው ይጨብጣሉ። ሁለታቸውም ቀዩን፣ ወይም ሁለታቸውም ነጩን ከጨበጡ መብራት አለ፤ አንዱ ቀዩን ሌላው ነጩን ከጨበጠ ጠፋ። «በራ!» ይላሉ እሳቸው። «ጠፋ!» ይላል እሱ። ሠራተኛው በየበሩ ብቅ ብሎ ሲያያቸው ምን ነካቸው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ገጽ አርባ አንድ ተጻፈች፤ «ደብተርዎን ይዝጉ። አንድ ሰው ይጥሩ። ሁለት ክር ይዘው ደረጃ ላይ ይቁሙ…» የምትለዋ።

አዲሱ ኮርስ ውስጥ ግን ያቺ ገጽ የለችም። ጋሽ ሞጁል ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ትምህርቱ ወደ ኦንላይን ሲዛወር ፕሮግራሙ የሠራውን ዝርዝር አስፈልጎ አወጣ። «የሚወጡ ገጾች» ይላል። አርባ አንድ፤ ምክንያት፣ ይዘት የለውም። ከሥሩ ፊርማ አለ። የማን ፊርማ? የራሱ!

አስታወሰ። ያን ቀን ጠዋት ጠረጴዛውን ሳይነግሩት ወደ መጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር አዛውረውበት ሆድ ብሶት ነበር። ዝርዝሩን ልጅቷ ስታመጣለት ሳያነብ ነው የፈረመው። ከፈለጉ ሁሉንም ያውጡት፣ እኔ ምን ቸገረኝ ብሎ! ስምንት መቶ ሰው የቀረው በማሽኑ አልነበረም፤ በእሱ ኩርፊያ ነበር።

ልጅቷን ጠራትና ዝርዝሩን አሳያት። እሷም አነበበች፣ ፊርማውንም አየች፣ ወረቀቱንም ቀስ ብላ መለሰችለት። ይሄ ከስድብ በላይ አሳፈረው።

«እሺ ገጿን እንመልሳታ» አለች። «አሁኑኑ አስገባታለሁ።»

«ዝም ብለሽ አታስገቢ። መጀመሪያ ለእትዬ እናንብብላቸው።»

«እትዬ ማናቸው?»

ይህን ጥያቄ ሲሰማ ደነገጠ። ማርጀቱ ለራሱ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት አድራሻ ጠይቀው ጠያይቀው ሄዱ። እትዬ ጡረታ ከወጡ አስራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ደረጃ በቀን እንኳ ጨለማ ነው፤ ልጅቷ ከታች ማብሪያውን ስትጫን ሦስተኛው ፎቅ ድረስ በራ። ሲደርሱ ጋሽ ሞጁል ከበሩ አጠገብ ያለውን ተጫነ፤ ጠፋ። ሁለቱም ተያዩ፣ ግን አልሳቁም። ጋሽ ሞጁል የደረጃው ድካም ገና አልወጣለትም ነበር።

በሩን ራሳቸው እትዬ ከፈቱ። ሸብተዋል፣ ጎንበስ ብለዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ጋሽ ሞጁልን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መጣህ?» አሉ። አልሳሙትም። «ግቡ።»

ገቡ። ቤቷ ጽድት ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ የተጀመረ የሱፍ ሹራብ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሞጁል ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም መጠየቅ ጀመረ። እትዬ አቋረጡት።

«ኮምፒዩተሮቹ የገቡ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል እንጂ እትዬ።»

«ሐሙስ መጣ፤ ሻሼን ለውጬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ። የሚቀጥለው ሐሙስም ተቀመጥኩ። አራት ሐሙስ ነው የተቀመጥኩት። በአምስተኛው ወንበሬን ለኮምፒዩተር ጠጋኙ ወሰዱለት። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየቀኑ ጠረጴዛህን ስወለውል አንድ ቀን እንኳ እትዬ፣ ቀርቷል፣ ብለህ አልነገርከኝም። ቀርቷል ማለት ያን ያህል ይከብዳል?»

ጋሽ ሞጁል ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አፍሬ ነው። ለራሴም ቀርቷል ብዬ አልነገርኩትም።»

እትዬ እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱትና «እስቲ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አይሁን አላወቀም።

ልጅቷ ታብሌቷን አውጥታ አራተኛውን ትምህርት ከፈተች። የፕሮግራሙ ድምፅ፣ ለስለስ ያለች የሴት ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። ጋሽ ሞጁል እርሳሱን ይዞ ዓይኑን ግንባራቸው ላይ ተክሏል። ግንባራቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ድምፁ አለቀ፤ አንድም ጭረት የለም። ልጅቷ ፊቷ በራ።

«ገባዎት እማማ?»

«ኧረ ምኑም! ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«ሰው አይደለችም፤ ፕሮግራሙ ነው የሚያነበው።»

«ነው? ለዚህ ነዋ! ቀላሉንም ከባዱንም በአንድ እርምጃ ነው የምትሄደው። ትንሽ እንኳ አትፈራም። የማትፈራ፣ የቱ ጋ እንደሚከብድ በምን ታውቃለች? እኔስ በምን ልወቅላት?» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ረጋ ብላ፣ ቃላቱን እየለየች። ሁለቱ ገመዶች ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ሳታውቀው ፈጠነ፤ ቃላቱ ተጋፉ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ሦስት ዓረፍተ ነገር አለፈች። የእትዬ ግንባር ቋጠር አለ። ጋሽ ሞጁል ልቡ ዘለለ፤ አስራ አራት ዓመት ያላየው ግንባር! ጭረቱን አደረገ።

«አያችሁ?» አለ። «እዚህ ጋ ነው ያልገባቸው። ያኔም እዚሁ ጋ ነበር።»

እትዬ ሳቃቸው መጣ። ከልባቸው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ።

«ወይ አንተ! እስከ ዛሬ ያልገባኝ እኔ መስዬህ ነው የኖርከው? ያንን ደረጃ ማነው ሲጠርግ የኖረው? ጠዋት ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ከታች አብርቼ የምወጣ፣ ከላይ ደርሼ የማጠፋ ማነው? አንድ ቀን መብራት ሠሪው የማብሪያውን ሳጥን ከፍቶ ሲሠራ መሰላሉን ይዤለት ሁሉንም አሳይቶኛል። እኔማ ከአንተ በፊት ነው የገባኝ!»

«ታዲያ ግንባርዎን ለምን ቋጠሩ?»

«አንተ ስትሮጥ ነዋ! ያልገባህ ቦታ ስትደርስ ድምፅህ ይሮጣል፣ ሰው ሳያየው ለማለፍ። ሦስት ሐሙስ ሮጥክ። ያኔ ልጅ ነህ፣ ቅዳጅ ሱሪ ላይ ከረቫት የምታስር ኩሩ ልጅ። አልገባህም ብልህ ይከፋሃል ብዬ፣ ለእኔ ያስረዳህ መስሎህ እንዲገባህ ብዬ ነው ደረጃው ላይ የወሰድኩህ።»

ጋሽ ሞጁል ኩም አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኚህ ሴት ትምህርት ያቀለለላቸው እሱ መስሎት ነበር የኖረው። ለካ እሳቸው ናቸው ሲያቀልሉለት የኖሩት። ያፈረውን ያህል ደስም አለው፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ ራሱም አልገባውም።

ልጅቷ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እኔም አልገባኝም ነበር» አለች። «ሁለቴ አየሁት፣ ልክ ይመስላል አልኩ፣ አጸደቅኩት። ዲዛይነር ሆኜ አልገባኝም ማለት አፈርኩ።»

«እኔም ከርሜበታለሁ» አላት ጋሽ ሞጁል።

«ሥራችሁ እኮ እሱ ነው» አሉ እትዬ። «አልገባኝም ማለት። ተማሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን ያፍራል፤ እናንተ ቀድማችሁ እፈሩለት እንጂ። ማወቁንማ ሌላው ያውቃል።» ተነሡና ከሹራባቸው ቀይና ነጭ ክር በጠሱ። «ነይ፣ ደረጃው ላይ ውጪ። አንተም ውጣ፤ መውረድ ቢያቅትህ ከላይ ቁም።»

ወጡ። ጋሽ ሞጁል ከላይ ቆመ፣ ልጅቷ ከታች። ክሮቹን ወጠሩ። ሁለቱም ቀዩን ጨበጡ። «በራ!» አሉ እትዬ መሀል ላይ ቆመው። ልጅቷ ወደ ነጩ ቀየረች። «ጠፋ!» ጋሽ ሞጁልም ወደ ነጩ ቀየረ። ልጅቷ እጇን አየች፣ ክሩን ተከትላ ወደ ላይ የእሱን እጅ አየች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ውይ! ይሄው ነው? በቃ ይሄው ነው?» ብላ ጮኸች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ምን ተፈጠረ አለ። እትዬ «ትምህርት ነው!» ብለው መለሱለት።

ሐሙስን ሙሉ ሲጽፉ ዋሉ። ፕሮግራሙን አልጣሉትም፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ጥያቄዎቹም ደህና ናቸው። ብቻ መሀል ላይ ድምፁን አስቆሙት። ስክሪኑ ባዶ ይሆንና «አሁን ስልክዎን ያስቀምጡ። እኛም እዚህ ጋ አልገባንም ነበር። አንድ ሰው ይጥሩ» ይላል። ከሥሩም የሁለቱ ክር ጨዋታ ይቀጥላል። ዓርብ ስብሰባው ላይ ዳሽቦርድ ያችን ባዶ ስክሪን አይቶ ተቁነጠነጠ። ይሄ ምን የሚቆጠር ነገር አለው አለ። ጋሽ ሞጁል ዝርዝሩን ከነፊርማው ፊቱ ላይ ዘረጋለት።

«ገጿን ያስወጣኋት እኔ ነኝ» አለ። «አኩርፌ ሳላነብ ፈረምኩ። ኮርሱን አይደለም መዝጋት ያለባችሁ፤ እንደዚህ ማጽደቄን ነው። አንድ ወር ስጡንና ቁጥሩን እዩት።»

ዳሽቦርድ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው በሰው ፊት ጥፋቴ ነው ሲል አይቶ አያውቅም መሰለኝ። አንድ ወር ሰጣቸው። አቁመው ለነበሩት መልእክት ተላከ። ከስምንት መቶው ሁሉም አልተመለሱም፤ መቼም የሄደ ሁሉ አይመለስም። የተመለሱት ግን አራተኛውን እያለፉ ሲሄዱ ጋሽ ሞጁል ራሱ ስክሪኑ ሥር ቆሞ እንደ ዳሽቦርድ አፍጥጦ ተገኘ።

ከስብሰባው ቀጥሎ በመጣው ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁለቱ አምስተኛውን ትምህርት ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። እንመጣለን ብለው አልነገሯቸውም ነበር። በሩ ግን ገርበብ ብሏል። እትዬ መስኮቱ ሥር አንዲት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ንጹሕ ሻሽ አስረዋል፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

«አረፈዳችሁ» አሉ። «አስራ አራት ዓመት። በሉ አንብቡ።»

ጋሽ ሞጁል ሊያነብ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለት ቃል አለና እንባው አላሳየው አለ። ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጣት። ራሱ እርሳሱን ይዞ ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለና ግንባራቸውን ማየት ጀመረ።